የተገዛው ኮምፒዩተር፣ ያልተገዛው ፕሮግራም
የባሕር ዳር ነጋዴ ሶፍትዌር ሲመርጥ ከመግቢያው በፊት የመውጫውን ዋጋ ሊያሰላ ይገባል

በባሕር ዳር ከተማ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ነጋዴ ስለ ማሽኑ አጥብቆ ይከራከራል። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ስክሪኑ ጭረት እንዳለው፣ ሜሞሪው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከተጠራው ዋጋ ለማስቀነስም የሚቻለውን ሁሉ ያደርጋል። በመጨረሻ ሻጩ «ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ጭኜ አስረክብዎታለሁ» ሲለው ግን አንዲት ጥያቄ አያነሳም። ዊንዶውሱ፣ ኦፊሱ፣ ፓወር ግዕዙና የሒሳብ ሠራተኛው የሚፈልገው ፒችትሪ እንደ ምርቃት ተቆጥረው ከማሽኑ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ላፕቶፑ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ በሌላ ይተካል፤ ዋጋውም የታወቀ ነው። በምርቃት በመጣው ፕሮግራም ውስጥ የተመዘገበው የደንበኞች ዱቤ፣ የመጋዘን ቆጠራ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የግብር ሰነድ ግን ከገበያ የሚገዛ አይደለም። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚመርጥ ነጋዴ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ነገ ይህን ፕሮግራም ልተወው ብል መዝገቤን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?

ቆርቆሮ የገዛ ሰው ቆርቆሮውን ይቆርጠዋል፣ ያከራየዋል፣ መልሶም ይሸጠዋል። ሶፍትዌር የገዛ ሰው የሚይዘው ግን የመጠቀሚያ ፈቃድ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በስንት ማሽን ላይ እንደሚሠራ፣ ለሌላ ሰው መተላለፍ አለመተላለፉን፣ መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው የፈቃዱ ውል ነው። ይኸውም «ተስማምቻለሁ» የሚለው ቁልፍ ከመነካቱ በፊት በስክሪኑ ላይ የሚያልፈው ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቦ ቁልፉን የነካ ሰው ባሕር ዳር ቀርቶ አሜሪካም ብዙ አይገኝም።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ የድርሰት ባለቤትነት ለረጅም ዘመን የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። ያ ሕግ ሲረቀቅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሙግት ምክንያት ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሐምሌ 12 ቀን 1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ጎን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ተራ አሰልፎታል። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ አቋም አይደለም። አገሪቱ በ1995 ዓ.ም. አባልነት የጠየቀችበት የዓለም ንግድ ድርጅትም በአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱ አንቀጽ 10 ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ ይደነግጋል።

በአዋጁ መሠረት ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ያለ ደራሲው ፈቃድ አንድ ቅጂ ለመጠባበቂያ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከዚያ አልፎ ለጎረቤት ሱቅ፣ ለቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ወይም ለሽያጭ መገልበጥ አይፈቀድም። አዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ማሻሻያ ተደርጎበታል። በእርግጥ በአገሪቱ ስለ ሶፍትዌር የሚሰማው ክስ ስለ ሙዚቃ ካሴትና ሲዲ ከተሰማው እጅግ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ክስ አለመሰማቱ መብቱ የለም ማለት እንዳልሆነ ነጋዴ አይስተውም፤ ዕዳም ባለዕዳው እስኪጠየቅ ድረስ ድምፅ የለውም።

ይህ አስተሳሰብ በጣና አካባቢ አዲስ መሆኑ አያስደንቅም። በክብራን ገብርኤል፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በሌሎቹ የሐይቁ ገዳማት ከተቀመጡት የብራና መጻሕፍት በብዙዎቹ ላይ መጽሐፉን የሰረቀውንና ጽሑፉን የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ሰፍሮ ይገኛል። መገልበጥ ግን ለጸሐፊውም፣ ብራናውን ገዝቶ ለሚያስጽፈውም እንደ በጎ ሥራ የሚቆጠር ነበር። አዲሱ ሕግ ጥፋቱን ከመውሰድና ከመፋቅ ወደ መገልበጥ አዛወረው። ከዚያ ባህል ያደገ ሰው «እሱ ዘንድ ያለው ሳይጎድል እኔም ባገኝ ማን ተጎዳ?» ቢል መሠረት የሌለው ጥያቄ አይደለም። መልሱ ግን ፕሮግራም ለመሥራት ዓመታት ፈጅቶ አንድ ቅጂ ብቻ ሸጦ የቀረውን ባለሙያ ሲያዩት ይገኛል።

ከቅጅ መብት ጋር የሚምታታው ሌላው ጉዳይ ፓተንት ነው። ኑሯቸውን በአሜሪካ ያደረጉትና የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለማስጻፍ ቀደም ብለው ከሠሩት አንዱ የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ፣ ፊደሉ በቁልፍ ሰሌዳ ስለሚገባበት ዘዴ በ2007 ዓ.ም. የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። ከዚህ ጋር ተያይዞ የተነሳው ክርክር እልኸኛ ነው። ወገን የሚይዘው ሁሉ ግን አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ፓተንት በተሰጠበት አገር ወሰን የሚጸና መብት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች ተራ መድቦታል። በመሆኑም በባሕር ዳር የጽሕፈት ቤት ያለው ሰው በቅድሚያ የሚመለከተው የቅጅ መብት ነው።

በላቲን ወንበር የተቀመጠ ፊደል

መዝገብ በፕሮግራም ውስጥ እንዴት እንደሚታሰር ለማየት ከግዕዝ ሶፍትዌር ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ለአንድ የፊደል ስብስብ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነበር። ከዚህ ላይ ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የሚቀረው ሲቀነስ የሚተርፈው ያንሳል። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደሎች በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመር ቦታው ጨርሶ አይበቃም። ስለዚህ የሶፍትዌር ሠሪዎቹ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፍለው በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ አስቀመጡት። በስክሪኑ ላይ «ለ» የሚታይበት ቦታ በማሽኑ ልብ ውስጥ የላቲን ምልክት ነው። ያንንም እያንዳንዱ ሠሪ በየራሱ አደላደል ነበር የሠራው። ቪዥዋል ግዕዝ አንድ ዓይነት፣ ፓወር ግዕዝ ሌላ ዓይነት፣ በውጭ አገር የተሠሩትም እንዲሁ።

ውጤቱን የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። በአንዱ ቤት የተጻፈ የሽርክና ውል በፍላሽ ተይዞ ሌላ ቤት ሲከፈት የተበታተነ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ደንበኛው ወረቀቱ ጠፍቶበት ፋይሉ ብቻ በእጁ ከቀረ፣ ያንኑ ፕሮግራም የጫነ ቤት ፈልጎ ማግኘት ወይም እንደገና ማስተየብ ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ለፕሮግራሞቹ መገልበጥ ትልቁ ምክንያት የገልባጩ ስስት ብቻ አልነበረም። ሰነዱን ለማንበብ ፕሮግራሙ ራሱ የግድ ስለሆነ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በፓወር ግዕዝ ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር ደብዳቤው የደረሳቸው ሁሉ ፓወር ግዕዝ ያስፈልጋቸው ነበር። መዝገቡ የተቆለፈበት አሠራር ራሱ ቅጂውን አባዛው። ሠሪዎቹም ስማቸው በየቢሮው ገብቶ ገቢው በዚያው ልክ ሳይከተላቸው ቀርቷል።

ችግሩን የፈታው የትኛውም የንግድ ፕሮግራም አይደለም፤ ለሁሉም ክፍት የሆነ አንድ ደንብ ነው። እንደ ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር የደከሙበት ሥራ ፍሬ አፍርቶ፣ በ1992 ዓ.ም. መግቢያ የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቋሚ ቦታዎች ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ለ» በየትኛውም ማሽን «ለ» ነው። ማይክሮሶፍት በጥር 1999 ዓ.ም. ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ጨመረ። ፓወር ግዕዝም ኋላ የዩኒኮድ ፎንት ይዞ ወጣ። ያም ሆኖ በአሮጌው አደላደል የተጻፉ ሰነዶች በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር አሁንም ተኝተው ይገኛሉ። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎች ስላሉ፣ የቆየ ውልና ካርታ ነክ ደብዳቤ ያለው ድርጅት አሮጌው ማሽን ሳይሞት ማስለወጡ ይበጀዋል።

ፒችትሪና የ5 ዓመቱ ግዴታ

የግዕዙ ታሪክ በደብዳቤ ላይ የደረሰ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲደርስ ጉዳቱ በብር ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ የሒሳብ ሠራተኛ ሲቀጠር ፒችትሪ ያውቅ እንደሆነ መጠየቁ የተለመደ ነው። ፒችትሪ የአሜሪካ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1991 ዓ.ም. ገዝቶት ኋላ ሴጅ 50 በሚል ስም መሸጥ ጀምሯል። ፒችትሪ የሚለው ስም በፋብሪካው ካበቃ ከዓመታት በኋላ በኢትዮጵያ ቢሮዎች ክራክ የተደረገው የ2010 እትም ሥራውን ቀጥሏል። ነፃ መስሎ የሚታየው ይህ ቅጂ ያልተከፈለ ዋጋ አለው። ሲበላሽ የሚጠየቅ ሻጭ የለም። የድርጅቱ ፋይል በአዲስ እትም አንዴ ከተከፈተ በኋላ ወደ አሮጌው አይመለስም፤ አሮጌው ደግሞ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ለመሥራቱ ዋስትና የለውም።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ሰነዱን ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። «ማቆየት» ማለት ሲጠየቅ ተከፍቶ የሚነበብ ማለት ነው። የግብር ኦዲተር ፊት ቀርቦ «ፋይሉ አለ፣ ፕሮግራሙ ግን አልከፈት አለ» ማለት ሰነድ የለኝም ከማለት ብዙም አይርቅም። በየዓመቱ መዝጊያ የሒሳብ ሠራተኛው አጠቃላይ መዝገቡን በኤክሴል ወይም በፒዲኤፍ አውጥቶ ከቢሮው ውጭ በሌላ ቦታ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን የሚያዝ ባለቤት ግን ጥቂት ነው።

የክራኩ ሌላው ጉዳት በራሱ በዊንዶውስ ላይ ነው። ቅጂውን የጫነው ሰው ማሽኑ በማይክሮሶፍት እንዳይነቃበት ብሎ ማሻሻያውን ይዘጋዋል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ መድኃኒቱን ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት አውጥቶት ነበር። በብዛት የተጠቁት ማሻሻያው ያልደረሳቸው ማሽኖች ናቸው።

በዚህ ረገድ ላፕቶፕ አስመጪዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ቀን አልፏል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የተወሰነ የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ከ8ኛው ትውልድ ኢንቴል በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ላፕቶፖች በይፋ አይቀበሉትም። በውጭ አገር ቢሮዎች የሚጣሉት እነዚህ ማሽኖች በርካሽ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ መምጣታቸው የሚጠበቅ ነው። ዋጋቸው የሚያጓጓው ገዢ የሚጫንባቸውን ፕሮግራም አስቀድሞ ቢጠይቅ አይጎዳም።

ኪራይ፣ ዶላርና መስመር

የሶፍትዌር ኩባንያዎች አሁን ፕሮግራሙን አንዴ ሸጠው ከመለያየት ይልቅ በወርና በዓመት ማከራየቱን መርጠዋል። ለገዢው አመቺ ጎን አለው፤ ጥገናው የባለቤቱ ነው፣ መዝገቡም ላፕቶፑ ቢሰረቅ አብሮ አይጠፋም። ለባሕር ዳር ነጋዴ ግን ሁለት አደጋ አለበት።

አንደኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 100 ዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም የተከራየ ድርጅት ቢኖር፣ ከ5,700 ብር ገደማ ተነስቶ ከ10,000 ብር በላይ መክፈል ነበረበት ማለት ነው። በኪራዩ ላይ የጨመረ ጥቅም ግን የለም።

ሁለተኛው መስመሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። መዝገቡን በሞባይል ዳታ ብቻ ከሚገኝ የሩቅ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ሱቅ በእነዚያ ወራት የዱቤ ደብተሩን ማየት አይችልም ነበር። በየወሩ መስመር ላይ ወጥቶ ፈቃዱን ማሳደስ የሚጠይቅ ፕሮግራምም በማሽኑ ላይ ቢጫንም ቀኑ ሲያልፍ ይቆለፋል። በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ ለሚኖር ሰው ጥሩ የሆነ ምርጫ በጣና ዳር ለሚነግድ ሰው ጥሩ ላይሆን የሚችለው በዚህ ነው። የሩቁን ሰርቨር መጠቀም የሚፈልግ ቢያንስ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ወደ ቢሮው ማሽን የሚያወርድለትን መምረጥ አለበት።

በነፃ እና ነፃ

ሦስተኛው መንገድ ክፍት ወይም ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1976 ዓ.ም. መግቢያ ንቅናቄውን ሲጀምርና ሊነስ ቶርቫልድስ በ1984 ዓ.ም. መግቢያ ሊኑክስን ሲያወጣ የተነሱበት ሐሳብ የፕሮግራሙ ሶርስ ኮድ ለሁሉም ይታይ፣ ይታረም፣ ይባዛ የሚል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ፍሪ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። አማርኛ በአንዲት «በ» ይገላግለዋል፤ በነፃ የሚሰጥ ሌላ፣ ነፃ የሆነ ሌላ።

በሐይቁ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳና የሞተር ጀልባ ልዩነቱን ያሳያሉ። የታንኳው አሠራር በዳርቻው ሰው ሁሉ እጅ ነው፤ ሲበሰብስ እዚያው ከበቀለው ደንገል ይታደሳል። የሞተር ጀልባው ፈጣን ነው፤ ብዙ ሰውም ይጭናል፤ ሞተሩ ሲቆም ግን መለዋወጫው እስኪመጣ ይጠበቃል። ወደ ዘጌ ቱሪስት የሚያመላልስ ባለሀብት ታንኳ ይግዛ የሚል የለም። መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ሞተር ይግዛ የሚልም የለም።

ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ አማርኛን በዩኒኮድ በሚገባ ይጽፋል። ኪይማን የተባለው የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራምም እንዲሁ ያለ ክፍያ ይገኛል። ለደብዳቤ፣ ለደረሰኝና ለዋጋ ማቅረቢያ እነዚህ ይበቃሉ። ሆኖም ደጋፊዎቻቸው እንደሚሉት ወጪ የላቸውም ማለት ስህተት ነው። ፒችትሪ የለመደ የሒሳብ ሠራተኛ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲዛወር ሥልጠና ይፈልጋል፤ በተወሳሰበ የኤክሴል ቅጽ የሚሠራ ድርጅትም ቅጹ ሲዛባ ሊያይ ይችላል። ይህ ወጪ ግን ከዶላር ወደ ብር፣ ከሩቅ ኩባንያ ወደ አካባቢው ባለሙያ የሚዞር ወጪ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ መሠረት ላይ የቆመው የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሶፍትዌር የሚያሠለጥናቸው ወጣቶች በከተማው መኖራቸው ለዚህ ይረዳል።

ምርጫው በሕግ የተዘጋበት ቦታም አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደንብ ቁጥር 139 ነጋዴው የተፈቀደለትን ካሽ ሬጅስተር ብቻ እንዲጠቀም አስገድዷል። መንግሥት የሽያጩን ቁጥር ለመቆጣጠር ያለውን ምክንያት መረዳት ይቻላል፤ ነጋዴው ማሽኑን ከፍቶ ማየትም ሆነ በሌላ ባለሙያ ማስጠገን ግን አይችልም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ከማሽኑ ዋጋ ይልቅ አቅራቢው በከተማው የጥገና ሠራተኛ ያለው መሆኑ ይመዝናል።

ለሆቴሉ የተሠራው ፕሮግራም የማን ነው?

ለጣና ዳር ባለሆቴሎች የቀረበው ጥያቄ ይኸኛው ነው። አንድ ባለሆቴል ለአልጋ ምዝገባና ለሬስቶራንት ሒሳብ የሚሆን ፕሮግራም በአንድ ወጣት ባለሙያ አሠራ እንበል። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለሙያው ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ይሄዳል። በአዋጅ 410 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ባለሆቴሉ እስከዚህ ድረስ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ነገር ግን መብቱ በእጁ ሆኖ ሶርስ ኮዱ በባለሙያው ላፕቶፕ ውስጥ ከቀረ፣ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ከሆነ፣ ያለው የወረቀት መብት ነው።

ባለሙያውም የሚጠበቅለት ጥቅም አለው። ያንኑ ፕሮግራም አሻሽሎ ለጎንደርና ለደብረ ማርቆስ ሆቴሎች መሸጥ ካልቻለ፣ ከአንድ ባለሆቴል የሚያገኘው ክፍያ ድካሙን አይሸፍንለትም። ዋጋው ዝቅ እንዲል የሚፈልግ ባለሆቴል ባለቤትነቱን ለባለሙያው ትቶ፣ ለራሱ ያለ ጊዜ ገደብ የመጠቀምና በሌላ ባለሙያ የማሳደስ ፈቃድ በጽሑፍ ቢይዝ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ብቸኛ ባለቤት ልሁን የሚል ግን ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ይኖርበታል።

በየትኛውም መንገድ ውሉ ሲፈረም ሶርስ ኮዱና የይለፍ ቃሎቹ መቼና በምን እንደሚረከቡ፣ መዝገቡ በኤክሴል እንዲወጣ የሚያደርግ ቁልፍ በፕሮግራሙ ላይ እንደሚኖር፣ ባለሙያው ከከተማው ቢለቅ ማን እንደሚተካው መጻፍ አለበት። ክፍያውንም በሦስት መክፈል የተሻለ ነው፤ አንዱ ሥራው ሲጀመር፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ በሆቴሉ አንድ ወር ከሠራ በኋላ። ሦስተኛው የሚከፈለው የአንድ ወር የእንግዶች ሒሳብ ከፕሮግራሙ ወጥቶ፣ ባለሙያው ባልነካው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ፣ የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ ራሷ ከፍታ ድምሩ ከደረሰኞቹ ጋር መግጠሙን ካረጋገጠች በኋላ ነው።